ለሁለት አስ ስንት ጠጠር?

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ከይጁቤ ወጣ ብሎ በነበረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ከአለቃው ሌላ የቀሩት አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሐምሌ ገብቶ ጥቁሩ አፈር ጎማ መያዝ ሲጀምር የቀን ሠራተኛው ወደየቀየው ተበተነ፤ ማሽኖቹም ሸራ ለብሰው ቆሙ። የቀሩት ማሽን የሚጠብቁ፣ ነዳጅ የሚቆጣጠሩ፣ የአፈር ናሙና የሚመረምሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ደምለው ነበር።

ደምለው ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ አንድ ብሎን ሳያስፈርም የማያወጣ ሰው። የደብረ ወርቅ ልጅ ነው። አባቱ መምህር ገብረ ኪዳን ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪ የሚመጣላቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ደምለውም እስከ አሥራ ሰባት ዓመቱ ድረስ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ፣ ጉባኤ ላይ «የኔታ»፣ ቤት ሲገባ «አባባ» እያለ ከእግራቸው ሥር ተምሯል። ቅኔ ይሆንለት ነበር። አባቱም ወንበራቸውን ለእሱ ሊያወርሱ እንዳሰቡ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ለማንም ሳይናገር ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ሄደና አቋርጦት የነበረውን የአስኳላ ትምህርት ቀጠለ። ከወር በኋላ የአባቱ ቃል በሰው በኩል ደረሰው፦ «የሄደው በራሱ እግር ነው። መመለስ ሲፈልግም መንገዱን ያውቀዋል።»

ደምለው ይህን ቃል በር እንደ መዝጋት ቆጠረው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት አልተያዩም። እናቱን ወይዘሮ ወለተ ሰንበትን ግን በዓመት ሁለት ሦስቴ ማርቆስ ገበያ ስትመጣ ያገኛታል፤ ጥላ ሥር ቆመው ያወራሉ፤ ስለ አባቱ እሷም ብዙ አትናገርም፣ እሱም ብዙ አይጠይቅም።

በዚያ ክረምት ግን እናቱ በጎረቤት ስልክ ደወለችለት።

«ደምለው፣ የአባትህ ዓይን ደክሟል» አለችው። «ተማሪዎቹን በድምፅ ነው የሚለያቸው። ለዘመን መለወጫ ብትመጣ ምን አለበት?»

«እመጣለሁ እማዬ» አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ጉዳዩን ማስላት ጀመረ። ዝም ተብሎ አይገባም። አንድ ቀን ለመንገድ። ሁለት ቀን አስታራቂ ሽማግሌዎችን ለመለመን፤ የአባቱ የንስሐ አባት አባ ወልደ ሚካኤል ካልመጡ ደግሞ ነገሩ አይሆንም። ሽማግሌ አንዴ ሄዶ እሺ አይባልም፤ ሦስቴ መመላለስ አለበት። ከዚያ እርቁ፣ ከዚያ ድግሱ። ቆጥሮ ቆጥሮ አሥር ቀን መጣለት። ከአሥር ቀን ያነሰ ፈቃድ ይዞ መሄድ ነገሩን ማበላሸት መሰለው።

ችግሩ አሥር ቀን የሚሰጥ አልነበረም። የካምፑ አለቃ ኢንጅነር ውበቱ ሠራተኛውን ሰብስበው ነገሩን በግልጽ ተናገሩ።

«ካምፑ ለበዓል ባዶ አይሆንም። ከጳጉሜን አንድ ጀምሮ አንድ ሰው ብቻ አሥር ቀን መሄድ ይችላል። የሌሎቻችሁ ፈቃድ ከመስቀል በኋላ በተራ ይሆናል። ማን እንደሚሄድ ተነጋገሩና ንገሩኝ።»

ተነጋገሩ። አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት ምክንያት አቀረበ። የግሬደር ኦፕሬተሩ ታረቀ ሚስቱ ዳንግላ ላይ ሴት ልጅ ወልዳለት ገና ፊቷን አላየም። ሌላው የወንድሙ ሰርግ ነው፤ ሌላው የእናቱ ተዝካር። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሲያመራ የአፈር ላቦራቶሪዋ ሰገነት ከጥግ ተነሣች።

«እንጫወትበት» አለች። «በፖከር።»

ፖከር ለካምፑ አዲስ ነገር አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ አንድ የውጭ አገር አማካሪ መሐንዲስ ሲሄድ ትቶት የሄደ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ሁለት እሽግ ካርታና ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ የሆኑ ክብ ፕላስቲኮች አሉ። ሠራተኛው ፕላስቲኮቹን «ጠጠር» ይላቸዋል። ሰገነት ጨዋታውን ከዚያ መሐንዲስ ተምራ ሌላውን አስተምራለች። ገንዘብ ማስያዝ በካምፑ ክልክል ስለሆነ የሚጫወቱት ለጠጠሩ ብቻ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጠዋል፤ እሱ ብቻ ያየዋል። ቀጥሎ አምስት ካርታ መሀል ላይ ለሁሉም ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ የመጨረሻው። ከእጁና ከመሀሉ አጣምሮ የተሻለውን ያገኘ ያሸንፋል። ጥንድ ከነጠላ፣ ሁለት ጥንድ ከአንድ ጥንድ፣ ሦስት አንድ ዓይነት ካርታ ደግሞ ከሁለት ጥንድ ይበልጣል። በየመሀሉ ሰው ጠጠር ያስይዛል፤ የማይፈልግ ካርታውን ይጥላል። ጨዋታው እንዳይተኛ ሁለት ሰዎች በየዙሩ ካርታ ሳያዩ በግዴታ ጠጠር ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ትንሹን፣ አንዱ ትልቁን። ይህ ግዴታ በየግማሽ ሰዓቱ ያድጋል። ጠጠሩ ያለቀበት ይነሣል፤ መጨረሻ የቀረው አሸናፊ ነው።

ውድድሩ ለነሐሴ ሃያ ሦስት እሑድ ተቀጠረ። እስከዚያ ድረስ ከምሳ በኋላ ልምምድ ሆነ።

የደምለው ጉድ የታየው በልምምዱ ነው። አንድ ቀን ሁለት አስ መጣለት። በጨዋታው ከሁለት አስ የሚበልጥ መነሻ ካርታ የለም። ልቡ ደነገጠ፤ ሁለት መቶ ጠጠሩንም በአንዴ ወደ መሀል ገፋው። ግዴታው ሁለትና አራት ነበር። አምስቱም ተያይተው ካርታቸውን ጣሉ። ደምለው ስድስት ጠጠር ሰበሰበ።

«ለስድስት ጠጠር ሁለት መቶ!» አለ ታረቀ፤ ሳቁ ውጭ ድረስ ተሰማ። «ይሄ ሰውዬ መጋዘኑን በሙሉ ለአንድ ምስማር ያስይዛል!»

በማግስቱ ሁለት ንጉሥ መጣለት። የትናንቱ ሳቅ ስላልለቀቀው ይህን ጊዜ ጭራሽ አልጨመረም፤ አራቷን ብቻ አስቀመጠ። ርካሽ ስለሆነላቸው አምስቱም ገቡ። መሀል ላይ ሰባትና አራት ተገለጠ፤ ታረቀ በእጁ የያዘው ሰባትና አራት ነበር። ደምለው ንጉሦቹን ማመኑን አልተው ብሎ እስከ መጨረሻው ከተለ፤ ጠጠሩንም በሙሉ አጣ።

በዚያ ቀን ሲመሻሽ ደምለው ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። ሰገነት የደረቀ አፈር በወንፊት እየነፋች ነበር። ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል፤ በጎጃም መንገድ ላይ የማታውቀው ድልድይ የለም።

«እትዬ ሰገነት፣ ጥሩ ካርታ ሲመጣልኝ ነው የምሸነፈው» አላት።

«አይቻለሁ። መጥፎ ካርታ ሲመጣልህማ ካንተ የተሻለ የለም፤ ትጥላለህ፣ ትገላገላለህ።» ወንፊቱን አስቀመጠች። «ሁለት አሱን ስታይ ምን ተሰማህ?»

«ይወሰድብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ስለዚህ ሁሉንም ገፋህ፤ ሰው ሁሉ ሸሸ። አልተወሰደብህም፤ ግን ምን አመጣልህ?»

«ስድስት ጠጠር።»

«በንጉሦቹ ጊዜ ደግሞ በሩን ከፍተህ ተኛህ። አምስት ሰው ገባብህ። ጥሩ ካርታ ከአንድ ሰው ጋር ሲገናኝ ነው ጥሩ፤ ከአምስት ሰው ጋር ከሆነ አንዱ ያገኝሃል።»

«ታዲያ ልኩ ስንት ነው?»

ከሚዛኑ አጠገብ የነበሩ ትንንሽ የብረት መመዘኛዎችን አንሥታ ሦስት ደረደረች። «የትልቁን ግዴታ ሦስት እጥፍ። ግዴታው አራት ከሆነ አሥራ ሁለት። ካንተ በፊት እኩል አስቀምጦ የገባ ሰው ካለ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እጥፍ ጨምር። የምትፈልገው አንድ ሰው እንዲከተልህ ነው፤ ቢበዛ ሁለት።»

«ለሁለት አስ ግን ትንሽ ከፍ ባደርገው?»

«አታደርገውም። ለሁለት አስም አሥራ ሁለት፣ ለሁለት ስምንትም አሥራ ሁለት። ታረቀ ካርታህን አያይም፤ የሚያየው ጠጠርህን ነው። ለአስ ሃያ፣ ለስምንት አሥር የምታስይዝ ከሆነ ካርታህን ገልጠህ ብትጫወት ይሻልሃል።»

ደምለው ከመመዘኛዎቹ አንዱን አነሣ። «ሁሉንም መግፋት ታዲያ በጭራሽ የለም?»

«አለ። ጠጠርህ አልቆ የግዴታውን አሥር እጥፍ ያህል ሲቀርህ። ያኔ ትንሽ ትንሽ ማስያዝ መሞት ነው። አንተ ግን ሳትቸገር ነው እንደ ተቸገረ ሰው የምትገፋው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምለው ወረቀት ሥራውን ሲጨርስ በጠረጴዛው ላይ ብሎን እየደረደረ ይለማመድ ጀመር። ግዴታ አሥር ነው፤ ሠላሳ። ግዴታ አሥር ነው፣ አንድ ሰው ገብቷል፤ አርባ። እጁ እስኪለምደው። ከሁሉ የከበደው ጥሩ ካርታ ይዞ እንደ ሌላው ጊዜ መተንፈስ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሥራ ሁለቱም በምግብ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ለእያንዳንዱ ሁለት መቶ ጠጠር ታደለ፤ ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ጠረጴዛ ተቀመጡ። ኢንጅነር ውበቱ አልተጫወቱም፤ ሰዓት ያዙ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ስለሚደበድብ ሰው የሚያስይዘውን እየጮኸ ነበር የሚናገረው።

ደምለው ቀስ ብሎ ጀመረ። አብዛኛውን ካርታ ጣለ። ሁለት ስምንት መጣለት፤ ሦስት እጥፍ አስያዘ፤ ሁሉም ጣሉ። አስና ንግሥት መጣለት፤ ሦስት እጥፍ አስያዘ፤ አንድ ሰው ተከተለውና መሀሉ ላይ ንግሥት ስትገለጥ ሌላ ጨምሮ ወሰደው። ሁለት ንጉሥ መጣለት። ይህን ጊዜም እጁ የለመደውን ያህል ቆጥሮ አስቀመጠ። ነዳጅ አዳዩ አበረ፣ «አንተ ሁልጊዜ ያው ነህ፤ ምን እንደያዝክ በምን ይታወቃል?» ብሎ ተከተለው። አበረ ከውድድሩ የወጣው በዚያ ካርታ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሦስት ሰው ቀረ። ታረቀ አንድ ሺህ አንድ መቶ ጠጠር፣ ደምለው ዘጠኝ መቶ፣ ሰገነት አራት መቶ። ትልቁ ግዴታ አርባ ደርሷል። ሰገነት ካርታዋን አይታ ጠጠሯን በሁለት እጇ ወደ መሀል ገፋች፤ ለደምለው እንደነገረችው አሥር እጥፍ ብቻ ነበር የቀራት። አስና ንጉሥ ይዛለች። ታረቀ ሁለት አሥር ይዞ ተከተላት። መሀሉ ምንም አላመጣላትም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሻይ ቀዳችና ከደምለው ጀርባ ሄዳ ቆመች።

ሁለቱ ፊት ለፊት ቀሩ። ታረቀ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ደምለው ዘጠኝ መቶ። ግዴታው ወደ ሠላሳና ስድሳ አደገ። ጥቂት ዙር ተመላለሱ፤ ማንም ብዙ አልወሰደም። ቀጥሎ ደምለው የካርታውን ጫፍ ቀና አድርጎ ሲያይ አንድ አስ አየ። ሁለተኛውን ቀና አደረገ። አስ ነው።

አሥር ቀን መጣበት። አባ ወልደ ሚካኤል፣ ሽማግሌዎቹ፣ የእናቱ ፊት። ሁሉንም ግፋ፣ ሁሉንም ግፋ የሚለው የድሮው ነገር ክንዱ ውስጥ ተነሣ። ከጀርባው ሰገነት ሻይዋን ፉት ስትል ሰማት።

«አንድ መቶ ሰማንያ» አለ።

ታረቀ ትንሽ አሰበ። «ተከትያለሁ።»

ሦስቱ ካርታ ተገለጠ፤ ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት። ደምለውን የሚያሰጋ ነገር አይታይም። መሀል ላይ ሦስት መቶ ስድሳ ጠጠር አለ፤ ከግማሹ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሁለት መቶ አስያዘ። ታረቀ ተከተለ። አራተኛው ካርታ ዘጠኝ ሆነ። ታረቀ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ተራውን አሳለፈ።

ለደምለው የቀረው አምስት መቶ ሃያ ነው፤ መሀል ያለው ደግሞ ሰባት መቶ ስድሳ። የግዴታው አሥር እጥፍ እንኳ አልቀረውምና አሁን ሁሉንም መግፋት ልኩ ነበር። ገፋው።

«ተከትያለሁ» አለ ታረቀ፤ ሳቁ የለም። ካርታውን ገለጠ። ሁለት ዘጠኝ። ከመሀሉ ጋር ሦስት ዘጠኝ ሆኖለታል። የመጨረሻው ካርታ ተገለጠ፤ ንግሥት ናት። ለደምለው አትሆንም።

ታረቀ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ደምለው፣ ወንድሜ… ሁለት አስ ይዘህ?»

«ልጅህን ሳምልኝ» አለው ደምለው፤ እጁንም ጨበጠው። ከልቡ ነበር። ከዚያም ወደ በረንዳው ወጣ።

ሰገነት በረንዳው ላይ ደረሰችበት። «ስማ፤ ልኩን ነው ያስያዝከው። መጀመሪያም፣ ሁለተኛም፣ መጨረሻም።»

«ተሸነፍኩ እኮ።»

«ተሸነፍክ። እሱ ሌላ ነገር ነው። ነገ እንደዚያው ካርታ ቢመጣልህ እንደዚያው አድርግ።» ሻይዋን ጨለጠች። «እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ያህል ልትሄድ ከፈለግህ ኢንጅነሩን ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?»

ደምለው ዞር ብሎ አያት። ምንም ብሎ አልጠየቀም። አሥር ቀን እንደማይሰጥ ስለሚያውቅ ከመጀመሪያውም ኢንጅነሩ ፊት አፉን አልከፈተም።

ሌሊቱን ሲገላበጥ አላደረም፤ ደክሞት ስለነበር ተኛ። ሰኞ ጠዋት ግን ወደ ኢንጅነር ውበቱ ቢሮ ሄዶ ቆመ።

«ኢንጅነር፣ የሚመጣውን ቅዳሜ እንዲፈቅዱልኝ ነው። እሑድ ማታ እመለሳለሁ።»

«ቅዳሜን ብቻ?»

«ቅዳሜን ብቻ። አባቴ ታመዋል፤ ዓይናቸውን።»

ኢንጅነሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ደምለው፣ እዚህ ስትሠራ ሦስት ዓመትህ ነው። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቀህ አታውቅም። ቅዳሜን የከለከለህ ማን ነው? የመጋዘኑን ቁልፍ ለአበረ አስረክብና ሂድ።»

ንግግሩ ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ደምለው ከቢሮው ሲወጣ አሥራ ሁለት ዓመቱን አስቦ ሳቅ ሳቅ አለው፤ ደግሞም አፈረ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ በአይሱዙ ማርቆስ ገባ። እዚያ ሁለት ኪሎ ስኳርና ለአባቱ የፕላስቲክ ቦቲ ጫማ ገዛ። ነጋዴው «ቁጥር ስንት?» ሲለው የአባቱን የእግር ቁጥር እንደማያውቅ ተገነዘበ። አርባ ሁለት አለ፤ የራሱን። ከዚያ በሚኒባስ ተሳፍሮ ከሰዓት በኋላ ደብረ ወርቅ ወረደ፤ በእግር መንገዱም ጭቃውን እያቋረጠ ወደ ጉባኤ ቤቱ ወጣ።

መምህር ገብረ ኪዳን በጎጆው በር ላይ፣ አጎዛ ባነጠፉበት መደብ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ተማሪው ሳይሆን ወደ ሜዳው አዙረው ያዳምጣሉ። ወደ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ከብበዋቸዋል፤ አንዱ ቆሞ ያዘጋጀውን ቅኔ ይነግራል። ደምለው ከአጥሩ አጠገብ ቆመ። ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ሰውነታቸው አንሷል።

ተማሪው ሲጨርስ መምህሩ፣ «ሁለተኛው ቤት ላይ ሞልቶብሃል። ቀንስና ነገ ድገመው» አሉት። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ አጥሩ አዘነበሉ። «ማን ነው የቆመው?»

ደምለው መንገዱን ሁሉ «የኔታ» ሊል ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ተማሪ ፊት ነውና። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እኔ ነኝ፤ አባባ።»

ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ።

«ደምለው ነህ።»

«አዎ።»

«ግባና ተቀመጥ። ዝናብ ይመታሃል።» ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ቀጣዩ።»

ደምለው ከተማሪዎቹ መጨረሻ፣ በአጥሩ በር አጠገብ ተቀመጠ። ጉባኤው እስኪበተን ድረስ ሦስት ተማሪ ሰማ። አንዱ ሲሳሳት ስሕተቱን ከአባቱ ቀድሞ እንዳወቀው ሲያስተውል ደነገጠ፤ የረሳው መስሎት ነበርና።

ተማሪዎቹ ሲሄዱ መምህሩ፣ «ስንት ቀን ትቀመጣለህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመለሳለሁ። ፈቃዴ አጭር ነው።»

ትከሻቸው ረገብ አለ። «እንግዲያማ ጥሩ» አሉ። «እኔ ደግሞ ነገር ይዘህ የመጣህ መስሎኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከገበያ ስትመለስ አባትና ልጅ በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቅርጫቷን በሩ ላይ አስቀመጠች፤ እልልታ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ባሏ የእልልታ ሰው አለመሆናቸውን ታውቃለች።

በማዕዱ ላይ አባቱ ስለ ካምፑ ጠየቁት። መንገዱ የት እንደሚደርስ፣ ክረምቱን ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ። ደምለው ሊዋሽ አልፈለገም።

«ካርታ ስንጫወት ነበር፤ አባባ።»

«ቁማር?»

«ገንዘብ የለበትም። ያሸነፈ አሥር ቀን ፈቃድ ያገኛል ተብሎ ነው።»

«ፈቃድስ ከገንዘብ በምን ያንሳል» አሉ መምህሩ፤ እንጀራቸውን በዳበሳ እየቆረሱ። «አሸነፍክስ?» አሉት።

«ተሸነፍኩ። ከሁሉ የሚበልጠውን ካርታ ይዤ ነው የተሸነፍኩት።»

«ታዲያ በምን መጣህ?»

«ጠይቄ።»

ሽማግሌው ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ ደረታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደምለው ያመማቸው መስሎት ሊነሣ ሲል እየሳቁ መሆናቸውን አየ። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ የሚያነቃንቅ ሳቅ። እናቱም ሳቀች፤ ዓይኗን እየጠረገች።

ቦቲውን ሲያደርግላቸው፣ «ትንሽ ሰፋ» አሉ። «ካልሲ ይሞላዋል።» ሌላ አልተናገሩም፤ ግን ለሠርክ ጸሎት አድርገውት ሄዱ።

በማግስቱ እናቱ እስከ መኪናው ሸኘችው። «ሽማግሌ ይዤ ልመጣ ነበር ያሰብኩት» አላት።

«እንኳን አላደረግኸው! ሽማግሌ ሲያይ በሩን ዘግቶ ዳዊቱን ነበር የሚደግመው። አባትህን አታውቀውም? ሰው ሲከበው የሚለው ይጠፋዋል።»

ከዚያ በኋላ ደምለው በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜን እየጠየቀ ይመጣ ጀመር። አንዳንዴ ይፈቀድለታል፣ አንዳንዴ ሥራ ይበዛና ይቀራል። አባትና ልጅ ስለ አሥራ ሁለቱ ዓመት ተቀምጠው አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥቅምት ላይ፣ መምህሩ ከጉባኤ በኋላ፣ «ያኔ የላክሁብህ ቃል ምን ብለው ነገሩህ?» አሉት። ደምለው ቃል በቃል ነገራቸው። «እንዲያ ነው ያልኩት» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንገዱን ያውቀዋል ያልኩት ና ለማለት ነበር።»

ኅዳር ላይ ደምለው ወደ ማርቆስ ወሰዳቸው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ፤ የቀኙ ሊገፈፍ ይችላል፣ የግራው ግን ዘግይቷል። መምህሩ ለሁለት ሳምንት አሰቡበት፤ ተማሪዎቻቸውም ጸለዩ፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። ፋሻው የተፈታ ዕለት ደምለውና እናቱ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። ነርሷ ጨርቁን ስታነሣ ሽማግሌው ዓይናቸውን ብዙ ጊዜ አርገበገቡ፤ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ከዚያ ሚስታቸውን፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ከእግር እስከ ራሱ፣ ቀስ ብለው።

«ወለተ ሰንበት» አሉ። «ይሄ ልጅ ራሰ በራ ሆኗል፤ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሚነገር ነው?» አለች።

መምህሩ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ግንባር ዳሰሱ፤ አሁን እያዩም።

«ጎንበስ በል እስቲ፤ ልሳምህ» አሉት። ደምለው ጎንበስ አለላቸው።